በዝናቡ ውስጥ የሰማሁት

ጆሮዬን የማምነው በግማሽ ነው። ሰው «በጆሮዬ ሰማሁ» ብሎ ሲምል ዝም እላለሁ፤ እኔም አንድ ጊዜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ የሰማሁት ነገር ግን አልነበረም። ይህን ከሃምሳ ዓመት በላይ በሆዴ ይዤው ኖርኩ። ያወጣሁትም ባለፈው ዓመት፣ የልጅ ልጄ ልትሆን በምትችል ሐኪም ፊት ነው።

አባቴ ሸማኔ ነበር። በወጣትነቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ ኮልፌ ላይ ቤት ሠራ፣ እናቴን አገባ፣ እኔን ወለደ። የምነግራችሁ ጊዜ ንጉሡ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት የቀሩበት ነው። ያኔ ከአጠና ተራ ወዲያ ያለው መንገድ ክረምት ከገባ ሁሉም ጭቃ ነው፤ ጋሪ ሲሰምጥ መንገደኛው ሸክሙን አስቀምጦ አብሮ ይገፋል። ዛሬ ክሊኒክና ካፌ የተደረደረበት ቤቴል የሰው ማሳ ነበር። ቤታችን ሁለት ክፍል ናት። የፊተኛው ክፍል የአባቴ ነው፤ እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ በላይ የተወጠረ ድር፣ በጎኑ ወደ መንገዱ የምታሳይ ትንሽ መስኮት። የኋላው ክፍል መኝታችን ነው። በመሃል ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሏል።

የሸማ ሥራን ድምፅ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። መጀመሪያ እግሩ መርገጫውን ሲጫን ገመዱ ሲጥ ይላል። ቀጥሎ መወርወሪያው በድሩ መሃል ሹልክ ብሎ ያልፋል። ከዚያ መምቻው ማጉን ሲያስጠጋው ጧ ይላል። ሲጥ፣ ሹልክ፣ ጧ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ይኸው ነው። እንግዳ ሰው ሲመጣ ይህን ሁሉ እንዴት ትችሉታላችሁ ብሎ ይጠይቃል። እኛ ደግሞ ምኑን እንደምንችለው አይገባንም ነበር፤ አይሰማንማ። እናቴ በዚያ ሁሉ ጧጧታ ውስጥ ተኝታ እኔ በእንቅልፌ ትንሽ ሳል ሳል ካደረገኝ ብድግ ትላለች። እኔም ሕፃን ሳለሁ ድሩ ሥር ባለው ቁርበት ላይ ተኝቼ፣ አባቴ ውሃ ሊጠጣ ሲያቆም በጩኸት እነሳ ነበር አሉ። ውሃውን የሚጠጣው በአንድ እጁ እየሠራ ነው ብለው ያሾፉበታል።

እናቴ በዚያ ዘመን አዲሱን እምነት ተቀብላ ነበር። ሰፈሩ ጴንጤ ይላቸዋል፤ ቃሉም ያኔ ስድብ ነው። በየቤቱ ተሰብስቦ መጸለይ ክልክል ስለነበር ጎረቤት ይነግርብናል፣ ነጭ ለባሽ ይመጣብናል እያሉ ሁልጊዜ በስጋት ነበሩ። አባቴ ግን በዚህ ውስጥ የለበትም። ወር በገባ በሃያ ሰባት ቀራንዮ መድኃኔ ዓለምን ሳይሳለም አይውልም፤ ረቡዕና ዓርብን አይገድፍም። የእናቴ ወዳጆች ሊያስተምሩት ሲሞክሩ በጨዋ ደንብ ያዳምጣቸውና፣ ድሬ ይጠብቀኛል ብሎ ይነሳል።

እናቴ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አምስት ሴቶችን ቤት ማስገባት ስትፈልግ ይቆጣል ብላ ፈርታ ነበር። አልተቆጣም። ሁለት ቀን እንደ ወትሮው ሠራ። በሦስተኛው ቀን፣ ሴቶቹ ሲመጡ ልቃቂት በሙዳይ ይዘው ይምጡ አላት። ወደ ሸማኔ ቤት ፈትል ይዛ የምትገባን ሴት ማን ይጠረጥራል? እነሱ ከመጋረጃው ጀርባ ሲጸልዩ እሱ ደግሞ ሳያቋርጥ ይሠራል፤ የመንገዱ ሰው የሚሰማው የሸማ ሥራ ነው። እናቴ ይህን ስታወራ ሁልጊዜ ድምፅዋ ይለወጣል። «እናንተ ጸልዩ፤ ጸሎታችሁን እኔ አለብሰዋለሁ አለኝ» ትላለች።

ደንቡ ቀላል ነበር። እሱ በመስኮቱ መንገዱን ያያል። የማያውቀው ሰው ወደ ደጃችን ከዞረ እጁን ያቆማል። ድምፁ ሲቆም ከኋላ ያሉት ሁሉ ባሉበት ይደርቃሉ፤ ሰውየው ሲሄድ ሥራው ይቀጥላል፣ ጸሎቱም ይቀጥላል። ማስጠንቀቂያችን ዝምታ ነበር ማለት ነው። አባቴ ቢያስል ወይም ግድግዳ ቢመታ የመጣው ሰው ልብ ይላል። ሥራ ያቆመ ሸማኔ ግን ክር የተበጠሰበት ሸማኔ ነው፤ ማንም ሁለተኛ አያስበውም። ለእኛ ግን ያ ቀኑን ሙሉ የማንሰማው ድምፅ ሲቀር ሁላችንንም በአንድ ጊዜ ያነቃን ነበር።

ሁለተኛው ደንብ የመጣው በአንድ ሐሙስ ጥፋት ነው። ከሴቶቹ አንዷ ዝምታው ረዘመባትና መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች። ለካ አንድ ሰው ኩታ ሊያሠራ ገብቶ ጥለቱን በጣቱ እየዳሰሰ ቆሟል። የተንበረከኩትን ሴቶች አየ። በሳምንቱ ቆርቆሯችን ላይ ድንጋይ ተወረወረ። አባቴ ሴትዮዋን ምንም አላላትም፤ ለእናቴ ግን ቁርጥ አድርጎ ነገራት። እሱ እስኪጀምር ድረስ፣ የፈለገው ቢሆን፣ መጋረጃውን የሚነካ እንዳይኖር።

እኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ቦታዬ ከመጋረጃው አጠገብ ነው። ጧ ከማለቱ በፊት ያለችውን ሲጥ የምትለዋን ድምፅ ከሁሉም ቀድሜ እሰማ ስለነበር፣ ሴቶቹ ዝም ባሉ ቁጥር ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ራሴን ስነቀንቅ ጸሎቱ ይቀጥላል። በዚህ እንዴት እኮራ እንደነበር አትጠይቁኝ። ትምህርት ቤት በሂሳብ የሚበልጡኝ ልጆች ሞልተዋል፤ በጆሮ ግን ኮልፌ ውስጥ አቻ ያለኝ አይመስለኝም ነበር። ትልልቅ ሴቶች እግዚአብሔርን ለማናገር የእኔን ፈቃድ ይጠብቃሉ ብዬ አስብ ነበር፤ ልጅ ምን የማያስበው አለ።

የሐምሌ ሐሙስ ነበር። አባቴ ጠዋት ራሱን አሞት ነበር። እናቴ ዛሬስ ተኛ ብትለው፣ ሐሙስ መሆኑን አስታውሷት ወደ ጉድጓዱ ገባ። ሴቶቹ ሙዳያቸውን ይዘው፣ እግራቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጡ። ጸሎቱ ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ቆመ። ሁላችንም ዝም አልን። እናቴ እጇን እንደዘረጋች ቀረች፤ አንዷ ሴትዮ የጀመረችውን ቃል ዋጠችው። እኔ ጆሮዬን ወደ መጋረጃው አስጠጋሁ። የሰው ድምፅ የለም፤ የእግር ኮቴም የለም። ሰውየው ጥለት እያየ ነው ብዬ አሰብኩ።

በዚህ መሃል ዝናቡ ጣለ። የሐምሌ ዝናብ በባዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለው ሰው ቢጮህ አይሰማህም። ሴቶቹ እኔን ያያሉ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በዚያ ሁሉ ጩኸት ሥር አባቴን እፈልጋለሁ። ቆየሁ። ከዚያ ሰማሁት። ሲጥ፣ ሹልክ፣ ጧ። ከሩቅ ነው፣ ግን ልክ ነው፤ የእሱ እጅ፣ የእሱ አረጋገጥ፣ ከሦስት ምት በኋላ ትንሽ የሚዘገየው ነገር ሳይቀር። ዛሬም መሐላ ፈጽሚ ብባል እምላለሁ። ራሴን ነቀነቅኩ።

እናቴ ለአፍታ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጸሎቱም ቀጠለ። ዝናቡ ስለሸፈናቸው እንደ ሌላው ጊዜ አላንሾካሾኩም፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጸለዩ፣ ቀጥለውም ዘመሩ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሲዘመር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሴቶቹ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም። አንዷ እያለቀሰች ትስቅ ነበር፣ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ዝናቡ ቀጥ ሲል ቤቱ ጸጥ አለ። ከመጋረጃው ወዲያ ምንም የለም። እኛም ደንባችን ነውና ዝም ብለን ጠበቅን። አሁን ደግሞ ማን መጣ ብዬ አሰብኩ። ስንት ደቂቃ እንደቆየን የቆጠረ የለም። በመጨረሻ እናቴ ከተንበረከከችበት ተነስታ መጋረጃውን በእጇ ገለጠችው።

አባቴ ደረቱን ያላለቀው ጋቢ ላይ ጥሎ ነበር። እግሩ ከመርገጫው ላይ አልወረደም። መወርወሪያው መሬት ወድቋል። ከአፉ ሥር ጋቢው ርሷል። ዓይኑ ግን ክፍት ነበር፤ ያየናል፣ መናገር አይችልም። በዚያ ሁኔታ ሆኖ ስንዘምር ይሰማን እንደነበር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ያኔ የማየው እጁን ብቻ ነበር።

በጋሪ ጭነን ሆስፒታል ወሰድነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አሉን። አንድ የሆስፒታሉ አስታማሚ አባቴን እያገላበጠ፣ ለክፋት ሳይሆን እንዲሁ ለነገሩ ያህል፣ ምነው ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጡት አለ። እናቴ ወደ አባቴ ፊት ጎንበስ አለች። እኔ ግን ያን ቃል ይዤው ቀረሁ። ትንሽ ቀደም የሚባለው፣ እኔ ራሴን ከመነቅነቄ እስከ ዝናቡ ማቆም ያለው ጊዜ ነው። ይህን ለማወቅ ሂሳብ ጎበዝ መሆን አያስፈልግም ነበር።

እስከ ሚያዝያ ኖረ። ቀኝ ጎኑ አይንቀሳቀስም፣ ምላሱ ተሳስሯል። አልጋው ዳር ስቀመጥ በግራ እጁ ጆሮዬን ሳብ ያደርገኝ ነበር። ጤነኛ ሳለም የሚቀልደኝ እንደዚያው ነው፤ እኔ ግን ያወቀብኝ ይመስለኝና ሰበብ ፈልጌ እነሳለሁ። ያን ያህል ወር አጠገቡ ነበርኩ። ይቅር በለኝ ለማለት በቂ ጊዜ ነበረኝ፣ አላልኩም። ከሞተ በኋላ የሥራ ጓደኛው መጥቶ ጋቢውን ጨረሰና ድሩን ነቀለው። ሴቶቹም ሐሙሳቸውን ወደ ሌላ ቤት ወሰዱ። እናቴ አብራቸው ትሄዳለች፤ እኔን ነይ ብላኝ አታውቅም፣ እኔም ልሂድ ብዬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ቤቱ በማላውቀው ድምፅ ተሞላ። የግድግዳው አይጥ፣ የጎረቤት ጭቅጭቅ፣ የባሕር ዛፉ ንፋስ። እናቴ ስታስል ደነገጥኩ፤ ለካ ድሮም ቀኑን ሙሉ ታስል ነበር። ይህ ሁሉ በአባቴ ድምፅ ተሸፍኖ፣ የአባቴ ድምፅ ደግሞ በእኛ ልማድ ተሸፍኖ ኖሯል። የሚያናድደኝ ይኸ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ በነፃ ሲሰጠኝ አልሰማሁትም፤ ሲቆም ነው የናፈቀኝ።

አድጌ የስልክ ኦፕሬተር ሆንኩ። ብዙ ዓመት ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደቅኜ የሰው ድምፅ ከሰው ድምፅ ሳገናኝ ኖርኩ፤ ምን ስፈልግ እዚያ እንደገባሁ እግዜር ይወቀው። የአባቴን ንግግር ግን ረስቼዋለሁ። ስሜን እንዴት ብሎ እንደሚጠራኝ ለማስታወስ ስሞክር የሚመጣልኝ የድሩ ምት ብቻ ነው። ሸማኔ ባለበት ሰፈር ሳልፍ ቆም እላለሁ። ያው ድር፣ ያው መወርወሪያ ነው፤ እጁ ግን የሌላ ሰው ነው፣ ከሦስተኛው ምት በኋላ አይዘገይም። ከሁሉ ይልቅ የማፍርበትን ልናገር። ሐምሌ በገባ ቁጥር ሰው በሌለበት ቆርቆሮ ሥር ተቀምጬ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ያን ቀን ያታለለኝ ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ደግሞ እንዲያታልለኝ እለምናለሁ። ናፍቆኛል። ውሸቱም ይበቃኛል እላለሁ። አንድም ክረምት አልመጣልኝም።

ባለፈው ዓመት ነው እንግዲህ ቤቴል ወዳለ አንድ ክሊኒክ የሄድኩት። ሰርግ ቤትም ሆነ ለቅሶ ቤት ሰው ሲበዛ የሚያናግረኝን ሰው መስማት እያቃተኝ ነበር። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ አድርጋልኝ ስትመረምረኝ ሁሉንም ሰማሁ። እኔ ጤነኛ ነኝ ብዬ ልነሳ ስል አስቀመጠችኝ። ጆሮዬ ለዕድሜዬ ደህና እንደሆነ፣ የደከመው ከላይ ወደ ታች የሚወርደው መንገድ ሊሆን እንደሚችል ነገረችኝ።

እኔ ድምፅ ከጆሮ ወደ አእምሮ የሚሄድ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሷ እንደነገረችኝ ከአእምሮ ወደ ጆሮ የሚመለስም አለ፤ እንዲያውም በአንዳንዱ ቦታ የሚወርደው ከሚወጣው ይበዛል። አእምሮ የመጣለትን ዝም ብሎ አይቀበልም። ይህን ቀንሱ፣ ያን ከፍ አድርጉ፣ ይህ የታወቀ ነው አታስቸግሩኝ እያለ ወደ ታች ያዛል፤ ትእዛዙ ጆሮ ውስጥ እስካሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ድረስ ይደርሳል። ለዚህ ነው ሰው ከወፍጮ ቤት አጠገብ ተኝቶ በልጁ ለቅሶ የሚነቃው። ሲያረጁ ትእዛዙ ይላላል፣ ሰርግ ቤት ያለው ሁሉ እኩል ይገባል። ስትናገር እኔ ስለ ሰርግ ቤት አላሰብኩም ነበር።

ጤነኛ ሰው የሌለ ድምፅ መስማት ይችል እንደሆነ ጠየቅኳት። ምን ዓይነት ድምፅ አለችኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ድሩን፣ ሐሙሱን፣ ዝናቡን፣ ራሴን መነቅነቄን። ውጭ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፣ እሷ ግን አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ አእምሮ የሚመጣውን ቀድሞ እያሰበ እንደሚሰማ፣ የለመደው ድምፅ በጩኸት ሲሸፈንበት ከሥሩ እየቀጠለ ነው ብሎ ራሱ እንደሚሞላው አስረዳችኝ። አልዋሹም፣ በእርግጥ ሰምተዋል አለችኝ። ይህን ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቄአለሁ መሰላችሁ።

ታዲያ ለምን ደግሞ አይመጣልኝም አልኳት። በየክረምቱ እኮ እፈልገዋለሁ።

ወጣት ናት፤ ነገሩ እንደሚያም ሳታውቅ ነው የመለሰችልኝ። «እማማ፣ አእምሮ የሚሞላው የሚጠብቀውን እንጂ የሚፈልገውን አይደለም። ያኔ ይጠብቁት ነበር። አሁን እንደማይመጣ ያውቃሉ።»

ታክሲ ውስጥ እስክገባ ድረስ እንባዬን ያዝኩት። ናፍቆትን እንደ መጠበቅ ስቆጥረው ኖሬ ነበር።

እናቴ ቀራንዮ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ሰማንያን አልፋለች፣ ጆሮዋ ከእኔ ይሻላል። ያን ቀን ስገባ ፊቴን አይታ ሐኪሟ ምን አለችሽ ብላ ያዘችኝ። ተቀመጥኩና ነገርኳት። ድሩ እንዳልጀመረ፣ የሰማሁት ከራሴ ጭንቅላት የወጣ እንደነበር፣ በእኔ ምክንያት እንደዘገየን፣ ይህንን ሳልነግራት ማርጀቴን። ወደ ታች ስለሚወርደው መንገድም ሐኪሟ እንደነገረችኝ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ምስክር እንደምታቀርብ ሰው ነበርኩ።

እናቴ እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ እያጣጠፈች፣ «እኔ እኮ ድሩን አልሰማሁም ነበር» አለች።

አልገባኝም። ዝናቡ ነበር፣ ማንም አልሰማም አልኳት።

«ዝናቡ ሳይጥል፣ ድሩ እንደቆመ፣ ሲወድቅ ሰምቼዋለሁ። መወርወሪያው መሬት ላይ ሲወድቅ። እሱ ጥሎት አያውቅም። ልነሳ ስል ደንቡን አሰብኩ፣ ሴቶቹን አሰብኩ፤ ፈራሁ። አንቺ ስትነቀንቂ ደስ አለኝ። ተነስቼ ከማየት አንቺን ማመን ቀለለኝ።»

እጇን ያዝኩ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ለይቅርታ ያዘጋጀሁት ቃል በሙሉ ለእሷ የሚሆን አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ልነግራት ደግሜ ስጀምር አቋረጠችኝ።

«አንቺማ ልጅ ነበርሽ» አለች። «እኔ ሚስቱ ነበርኩ።»